የከርከሮ ጅራትና አዲሱ ቤት

ተረት ተረት! «የቤት መሠረት» በሉኝ። የላም በረቱን ለላም ተዉላት፤ የዛሬው ወሬ የቤት ወሬ ነው።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ከርከሮ ከሚስቱ ጋር ተዳፋት ላይ በተቆፈረ አሮጌ ጉድጓድ ይኖር ነበር። ይናገር የነበረው አውሬው ብቻ አይደለም። ቤትም ይናገር ነበር፤ ጅራትም ይናገር ነበር። ተናጋሪስ ሞልቷል፣ የጠፋው ሰሚ ነው፤ ያን ጊዜም እንደዛሬው ነበር።

አሮጌው ቤት ጣራው አፈር ያራግፋል፣ አፉ ተሸራርፏል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጎርፍ ገባና ትንሿን ልጃቸውን ወሰደባቸው። ስም እንኳ አላወጡላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ እመት ከርከሮ ደመና ባየች ቁጥር ምግብ አይወርድላትም። አሁን እንደገና አርግዛለች፤ መውለጃዋም ከዝናቡ ጋር ገጥሟል።

«አንተ» አለችው ባሏን፣ «የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ደረቅ ቤት። ቆንጆ አላልኩም፣ ሰፊ አላልኩም። ልጄ የማይረጥብበት ቤት።»

«ገባኝ» አለ አያ ከርከሮ። እውነትም ገብቶት ነበር።

ቤት ፍለጋ ሲወጣ ቁራን አገኘው። ቁራ ያን ጊዜ የጉድጓድ ደላላ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አንድም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ከላይ ሆኖ ግን ሁሉንም አይቷል።

«ጋሼ ከርከሮ! እግዜር ነው ያገናኘን» አለ ቁራ። «ጃርት ገና አሁን ቆፍሮ የጨረሰው፣ ማንም ያልገባበት አዲስ ቤት አለኝ። ለአንተ ብዬ ደብቄ ነው ያቆየሁት።»

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው ወይ ይለኛል! ቶሎ ና ብቻ፤ ቀበሮ ጠዋት አይቶት ሄዷል፣ ሊመለስ ነው።»

ቤቱ ያለው ረባዳው ላይ ነበር። ጃርት እዚያ የቆፈረው አፈሩ ለስላሳ ስለሆነለት ነው። አገሩ ሁሉ በበጋ ገርጥቶ ሳለ የቤቱ ደጅ ሣር ለምልሟል። አያ ከርከሮ ሣሩን አይቶ ደስ አለው። በበጋ ሣር የሚለመልመው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከርከሮ ቤቱ ሲገባ እንደኛ በፊቱ አይገባም። ዞሮ በጀርባው ነው የሚገባው። አባቱም እንዲሁ፣ አያቱም እንዲሁ። መልካም ልማድ ነው፤ ነብር ተከትሎት ቢመጣ በር ላይ የሚጠብቀው ክራንቻው ነው። ቤት ለመግዛት ሲሆን ግን ልማዱ ትንሽ ችግር አለው።

አያ ከርከሮ ዞረ። ጅራቱ ቀድሞ ገባ፣ ወገቡ ቀጠለ፣ ጭንቅላቱ መጨረሻ ገባ። በሩን አየ። ሣሩን አየ። ማዶ ያለውን ተራራ አየ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለ ቁራ ከውጭ።

«ግሩም ነው። ብርሃን አለው።»

«ጌታዬ፣ ቀዝቃዛ ነው» አለ ጅራቱ ከጨለማው።

«አንተ ኋላ ነህ፤ ምን ታውቃለህ?» አለው።

ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ጠየቀችው። «ውስጡ እንዴት ነው?»

«ከፊቱ ለምለም ሣር አለው። ማዶ ተራራው ይታያል።»

«የጠየቅኩህ ውስጡን ነው።»

«ውስጡማ ጨለማ ነው። ቤት አይደል እንዴ?»

እመት ከርከሮ ተነፈሰች። «በል ተመለስና ቤቷን ራሷን ጠይቃት። ውሃ ይገባባት እንደሆነ ትንገርህ።»

በነጋታው ሄደ። ዞረ። ጅራቱ ቀድሞ ገባ፣ ወገቡ ቀጠለ፣ ጭንቅላቱ መጨረሻ ገባ።

«ቤት ሆይ፣ ውሃ ይገባብሻል?»

አዲሷ ቤት ድምፅዋ ገና የልጅ ነበር። «ውሃ ምንድን ነው?» አለች።

«ሰማህ ጋሼ?» አለ ቁራ እየዘለለ። «ስሙን እንኳ አታውቀውም!»

«ጌታዬ፣ እርጥብ ነው» አለ ጅራቱ።

«ኋላ ነህ ብዬሃለሁ!»

አያ ከርከሮ እየሮጠ ለሚስቱ የምሥራች ይዞ መጣ። «ስለ ውሃ ሰምታ አታውቅም!»

«መቼ ነው የተቆፈረችው?» አለች እመት ከርከሮ።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው አሉ።»

«እንግዲያ ክረምት አላየቻ።»

«አዲስ ናት እኮ!» አላት፣ ጥያቄዋን የመለሰላት መስሎት። እሷም አልተከራከረችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማመን አማራት። ፈርታ ፈርታ የደከማት እናት ደረቅ ቤት አለ ሲሏት ማመን ያምራታል።

በሦስተኛው ቀን ሊዋዋሉ ሆነ። አዲሷን ቤት ሊወስድ፣ አሮጌዋን ቤትና ሥራሥር እየቆፈረ የሚበላበትን መሬት ለጃርት ሊለቅ። ነገ ጠዋት ሽማግሌ ፊት ይነገራል፤ ሽማግሌ ፊት ከተነገረ መመለስ የለም።

«በል ጋሼ፣ እንደ ባለቤት ገብተህ ተቀመጥባት» አለ ቁራ።

አያ ከርከሮ ዞረ። ጅራቱ ቀድሞ ገባ፣ ወገቡ ቀጠለ፣ ጭንቅላቱ መጨረሻ ገባ። እስከ ጥግ ድረስ ሄደና እንደ ባለቤት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ጌታ...» አለ ጅራቱ። የቀረው አልተሰማም፤ ባለቤቱ ተቀምጦበታል።

«ነፋሻማ ናት» አለ አያ ከርከሮ። «ነገ ጠዋት እንገናኝ።»

ወደ አሮጌዋ ቤቱ መጣ። ሚስቱ ውስጥ ተኝታለች። እንደ ልማዱ ዞሮ በጀርባው ገባ። እናም ከሁሉ ቀድሞ እመት ከርከሮ ፊት የደረሰው ጅራቱ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ጅራትህ ላይ ያለው።»

«እኔ ከዚህ አይታየኝም።»

«ጭቃ ነው» አለች። «ወንዙ ደርቆ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ይኼ ጭቃ ከየት መጣ?»

አያ ከርከሮ አሰበ። ማሰቡ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እሷ አልጠበቀችውም።

«ጅራት፣ እስኪ አንተ ንገረኝ» አለች።

ጅራቱ አፉ ውስጥ የገባውን ጭቃ ተፋ። «እመቤቴ፣ መጀመሪያ ቀን ቀዝቃዛ ነው አልኩ። በማግስቱ እርጥብ ነው አልኩ። ዛሬ ከሥር ውሃ ይመነጫል ልል ስል ተቀመጠብኝ።»

እመት ከርከሮ ባሏን አልሰደበችም። «ልጄን እዚያ ልወልድ ነበር» ብላ አለቀሰች።

አያ ከርከሮ አፈረ። በር በሩን እያየ «ታዲያ የት እንሂድ?» አለ።

«አንዴ ከተጠየቅኩ ልጨምር» አለ ጅራቱ። «ይህችን አሮጊት ጠይቋት። እሷ ውሃ ምን እንደሆነ ታውቃለች።»

አሮጌዋ ቤት አፈሯን አራግፋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አውቃለሁ እንጂ። ከላይ ከጉብታው ይወርድና በግራ ትከሻዬ ይገባል። ዘንድሮም በዚያው፣ ከርሞም በዚያው። ከትከሻዬ በላይ አንዲት ቦይ ተቆፍራልኝ ቢሆን ኖሮ...» ብላ አቆመች። አምና የሆነውን ሁሉም ያውቁታል።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች እመት ከርከሮ።

«ልጄ፣ ስትገቡም ስትቀመጡም ወደ ውጭ እያያችሁ ነው። ዞሮ ያየኝ የለም። የጠየቀኝም የለም።»

አያ ከርከሮ ወጣ። ከቤቲቱ ግራ ትከሻ በላይ ወጥቶ ክራንቻውን መሬት ላይ ሰካና መቆፈር ጀመረ። ጠዋት ቁራ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመጣ ቀና ብሎም አላየው።

«ጋሼ፣ ቀበሮ ይወስድብሃል!»

«ይውሰዳት።»

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ወረደ። ውሃው ከጉብታው ተንደርድሮ መጣ፣ የግራ ትከሻዋን ፈለገ፣ ቦዩን አገኘ፣ በቦዩ ሄደ። እመት ከርከሮ ደረቅ አፈር ላይ ወለደች። በዚያው ቀን ለልጆቿ ስም አወጣች፤ ዘንድሮ አልጠበቀችም።

ውሃው ተዳፋቱን ወርዶ ረባዳው ላይ ደረሰ። አዲሷ ቤት ባዶዋን ነበረች፤ ቀበሮ የሚባል ገዢም አልመጣም። «አሃ፣ ውሃ ይኼ ነው እንዴ?» ስትል ተሰማች። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን የሰማ የለም። ጃርት ደላላውን ፈልጎ ፈልጎ አጣው። የቁራ መልእክተኛ ሲባል ሰምታችኋል፤ ደላላም ሲሆን ያው ነው።

ከርከሮ ዛሬም በጀርባው ነው የሚገባው፤ የአባት ልማድ በአንድ ክረምት አይለቅም። ነገር ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጅራቱ ላይ አይቀመጥም። ሲሮጥ ካያችሁት ጅራቱን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ነው የሚሮጠው። የሸሸ ይመስላችኋል። አዎ ሸሽቷል፤ ቢሆንም እውነቱን የነገረውን ጅራቱን እንደ ሽማግሌ አክብሮ ነው የሚሸሸው።

እናንተም አዲስ ቤት ልትገዙ ስትሄዱ፣ ደጁን ያየውን ተዉትና ቀድሞ የገባውን ጠይቁ።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። የምሸጠው ቤት የለኝም፤ ዳቦ ያለው ግን ያምጣ።