እመት ዝገትና የብርቱካኑ ቦታ ትራክተር

ጠጋ በሉ፣ እግራችሁንም ሰብስቡ። ይህ የሆነው ብረት ሲናገር ሰው ጆሮውን በማይነፍግበት ዘመን ነው።

በአንድ ወንዝ ዳር የብርቱካን አትክልት ነበረ። በአትክልቱም ውስጥ አንድ ትንሽ ትራክተር ይኖር ነበር። ቁመቱ ከጥጃ አይበልጥም። ትልልቆቹ ትራክተሮች ቅርንጫፍ ሳይሰብሩ በማያልፉበት፣ እሱ በሁለት ዛፍ መካከል ሹልክ ብሎ ያልፋል። ሳሩን ያጭዳል፣ አፈሩን ይገለብጣል፣ የብርቱካን ጋሪ ይጎትታል። ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ነበረውና ጌታው ተካልኝ እንደ በሬ «ቦራ» ብሎ ሰየመው።

አንድ ዓመት ተካልኝ ታመመ፤ ሞተም። ሚስቱ እትዬ የሻሽወርቅ ቦራን በማንጎ ዛፍ ሥር አስቆመችው። ክረምት መጣ፤ ክረምት ሄደ። ማንም አልነካውም።

ያን ጊዜ እመት ዝገት መጣች።

እመት ዝገት እንደምታስቡት ክፉ አልነበረችም። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ እርምጃዋ አይሰማም። በመጀመሪያው ክረምት የጎማው ቸርኬ ላይ ተቀመጠችና «ተኛ» አለችው። በሁለተኛው ክረምት ከወንበሩ ሥር ገብታ «ተኛ፣ ደክሞሃል» አለችው። በሦስተኛው ክረምት ደረቱ ውስጥ ዘለቀች፤ ፒስተኑን እቅፍ አድርጋ «ተኛ፣ የሚቀሰቅስህ የለም» አለችው። ቦራም ተኛ።

ሕልሙ ጣፋጭ ነበር። አትክልቱ ሁሉ አብቧል። ጉሙ በዛፎቹ መካከል ይንሳፈፋል። ተካልኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያንጎራጉራል። ቦራም ጎማው መሬት ሳይነካ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

በውጭ ግን ሳሩ ወገብ ደረሰ። ሐረጉም ለጋዎቹን ብርቱካኖች አንገት አንገታቸውን ያዘ። እትዬ የሻሽወርቅ ይህን አየችና ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ቤት ሄደች።

ጋሽ ወንድይፍራው በዚያ አገር የታወቀ መካኒክ ነበር። ጣቶቹ ከደረቁ ወዲህ ግን የመሣሪያ ሳጥኑን አልጋ ሥር ከትቶ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥላ ሲረዝምና ሲያጥር እያየ ይውላል።

«ቦራን እይልኝ» አለችው።

«እኔ ሥራ ትቻለሁ፣ እትዬ። ይኸው ጣቴ፣ ቁልፍ አይጨብጥም።»

«አውቃለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ሳሩ ካልታጨደ ግን ዛፎቹ ይሞታሉ። እነሱ ከሞቱ እኔም ቤቱን ዘግቼ ከልጄ ዘንድ እገባለሁ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«እሺ፣ ላየው ብቻ ነው የምመጣው» አላት። እንዲያም ብሎ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳበ።

በመጀመሪያው ቀን የማስነሻ ገመዱን ቢስበው ንቅንቅ አላለም። ጆሮውን ብረቱ ላይ ቢያደርግ፣ ከውስጥ የእንቅልፍ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማ።

«ደህና አደርክ፣ ወንድይፍራው» አለችው እመት ዝገት ከውስጥ ሆና።

«ደህና አደርሽ፣ እመት ዝገት።»

«ምን አደከመህ? እሱ እንደሆነ ተመችቶታል። አንተም እኮ ደክሞሃል። ጣቶችህ ውስጥ ማን ያለ ይመስልሃል?»

ጋሽ ወንድይፍራው ጣቶቹን አየ። የማንጎው ጥላ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሳሩም እንደ ፍራሽ ለስልሷል። ትንሽ ጋደም ልበል አለና ጀርባውን ከግንዱ አስደገፈ። ዓይኑ እንደተከደነ ጣቶቹ ቅጠል ሆነው፣ አንድ በአንድ እየረገፉ ወደ ወንዙ ሲሄዱ አየ። ምንም አላመመውም። ያስደነገጠው ይኸው አለማመሙ ነው።

ተነሣ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታና በቀዳዳው ላምባና ዘይት ቀላቅሎ አፈሰሰ። «እኔ አልታገልሽም» አላት እመት ዝገትን፤ «ዘይቱ ቀስ ብሎ ያነጋግርሽ።» ብሎም ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ገመዱን ሲስበው ፒስተኑ የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰ። ሲደግመው የጣት ያህል ተንቀሳቀሰ። ሲሠልሰው ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ቀን በቀን መጣ። ካርቡሬተሩን ፈትቶ ሙጫ የሆነውን ቤንዚን ጠረገ። አይጥ የበላችውን ሽቦ ቀየረ። የተሰነጣጠቀውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አውጥቶ ሌላ አሰረ። የጠቆረውን ዘይት አፍስሶ ንጹሕ ሞላ። ጣቶቹ ማለዳ እምቢ ይላሉ፤ ረፋድ ላይ ይታዘዛሉ። ሁሉን ጨረሰና ገመዱን ሳበ። ቦራ አንዴ ሳለና ዝም አለ። የካንዴላውን እሳት አየ፤ ይበራል። ቤንዚኑን አየ፤ ይወርዳል። የጎደለ ነገር የለም።

«አልለቀቅሽውም እንዴ?» ብሎ እመት ዝገትን ጠየቃት።

«ለቅቄዋለሁ። እኔ አነጠፍኩለት እንጂ አላሰርኩትም። የሚተኛው ራሱ ነው።»

ይህን ጊዜ በሞተሩ መከለያ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የነበረች እንሽላሊት አንገቷን ቀና አደረገች።

«እኔ ልንገርህ» አለችው። «ሞተሩ ይሠራ በነበረ ጊዜ ሆዴን ያሞቀኝ ነበር። አሁን እኔ ነኝ እሱን የማሞቀው። በእንቅልፉ ሲያወራ እሰማዋለሁ። ተካልኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል ይላል። ከነቃሁ ይወርድብኛል ይላል።»

ጋሽ ወንድይፍራው የያዘውን ቁልፍ መሬት ላይ አስቀመጠ። ይህ በቁልፍ የሚፈታ አልነበረም። ሄዶ የሰማውን ሁሉ ለእትዬ የሻሽወርቅ ነገራት።

በማግስቱ ማለዳ ጉሙ ገና ከወንዙ ላይ ሳይነሣ፣ እትዬ የሻሽወርቅ ከጋሽ ወንድይፍራው ጋር ወደ ማንጎው ዛፍ መጣች። ቦራን ካስቆመችው ወዲህ ወደዚያ ስትጠጋ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን በቦራ ነጭ ግንባር ላይ አደረገች።

«ቦራ» አለችው፤ «ተካልኝ ሞቷል። ለሰው ሁሉ ተነገረ፤ ላንተ ግን ማንም አልነገረህም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አቃተኝ።»

ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ፣ «እዚህ ግን አለ» አለ ቦራ። «እያንጎራጎረ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትቀሰቅሱኛላችሁ?»

«በሕልምህ ያለውን አትክልት ሐረግ አያንቀውም። ይሄኛው ግን ታንቋል። በእጁ የተከለው ደግሞ ይሄኛውን ነው።»

ቦራ አሰበ። «ብነቃ ማን ይቀመጥብኛል?» አለ።

እትዬ የሻሽወርቅ በዕድሜዋ ትራክተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችና ተቀመጠች። ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር።

«እኔ» አለችው።

«እሱስ ይሄድብኛል?»

ጋሽ ወንድይፍራው ሊያባብለው ፈልጎ ነበር፤ ግን መዋሸት ከበደው። «አላውቅም፣ ቦራ» አለው። «ስለ ራሴም ሙታን ይህን አላውቅም።»

«ተኛ» አለች እመት ዝገት፣ በጣም ቀስ ብላ።

ጋሽ ወንድይፍራው ገመዱን ሳበ። ቦራ ሳለ። ሁለተኛ ሳበ። ቦራ ሳለና ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛ ሳበ። ቦራ ነቃ። ሰማያዊ ጭስ ወደ ጉሙ ገባ፤ እንሽላሊቷም ከመከለያው ዘላ ሳሩ ውስጥ ጠፋች።

እትዬ የሻሽወርቅ መጀመሪያ ጠማማ ነዳች። አንድ ቅርንጫፍም ሰበረች። እስከ ቀትር ግን እጇ ቀና። ሳሩን በሦስት ቀን አጭዳ ጨረሰች። አሥራ ሦስት ለጋ ዛፎች አስቀድመው ደርቀው ስለነበር ነቅላ ጣለቻቸው። የቀሩት ከዝናቡ በኋላ አበቡ። ቤቷንም አልዘጋችም።

ተካልኝ ሄደ ወይስ ቀረ፣ ቦራ ለማንም አልተናገረም። ነገር ግን በማለዳ በዛፎቹ መካከል ሲያልፍ የሞተሩ ድምፅ ማንጎራጎር እንደሚመስል የሰሙት ይናገራሉ።

«እኔስ የት ልሂድ?» ብላ ጠየቀች እመት ዝገት፣ ከአጥሩ ሽቦ ላይ ሆና።

«የትም አትሄጂም፤ አውቅሻለሁ» አላት ጋሽ ወንድይፍራው። «እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

እንዳለውም መጣ። ጣቶቹ ጨርሰው አልዳኑም፤ ጨርቅና የዘይት ቆርቆሮ መያዝ ግን አላቃታቸውም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብሎኑን ያጠብቃል፣ ቸርኬውን ይጠርጋል፣ ዘይቱን ያያል። እመት ዝገትም አጥሩ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ በዚያ በለስላሳ ድምጿ ጠየቀችው።

«ወንድይፍራው፣ አልሰለቸህም?»

«ሰለቸኝ» አላት። ጨርቁንም ወደ ንጹሑ ጎን ገልብጦ መጥረጉን ቀጠለ።

እመት ዝገት ዛሬም በየቤቱ አለች። በር ሰብራ አትገባም፤ ማንም ያልነካውን ነገር ፈልጋ እሱ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ የምትወዱትን ነገር ሳትሰለቹ፣ ብትሰለቹም ሳትተዉ፣ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። እኔ ተረቴን እዚህ አቆምኩ፤ እናንተም ሳይዝግ ለሌላ ንገሩት።