ጭቃ ያልነካው እጅ

ከተራራ ሥር በተጠጋች አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዱዓቸው መሬት ጠብ አይልም ይባልላቸዋል። ቁጣቸውን ግን ያ ክረምት እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቀውም ነበር።

የከተማዋ ልማድ እንዲህ ነው። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ገደሉ የሚመልስ ቦይ አለ፤ ዝናብ ሳይገባ እያንዳንዱ አባወራ በማሳው የሚያልፈውን ቦይ ይጠርጋል። የሐጂ አማች እብሬ ግን የእሱን ድርሻ አፈር ሞልቶ ጫት ተከለበት። የመስጂዱን ጣሪያ በቆርቆሮ ያለበሰ ሀብታም ነውና ማን ይናገረው! ሐጂም የአማች ነገር ሆኖባቸው ዝም አሉ።

የሐምሌው ዶፍ ሲወርድ ጎርፉ የተደፈነው ቦይ ላይ ደርሶ መንገድ አጣ፤ በታችኛው ሰፈር ላይ ተገለበጠ። በዚያ ሰፈር አንሻ የምትባል ሴት ነበረች፤ ጎርፉ ባሏን ከነበሬዎቹ ወሰደባት።

በማግሥቱ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። የተረፉት ቤቶች ሌላ ጎርፍ እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል። እብሬ ሰንጋ አረደ፤ እቅፍ እቅፍ ጫት አስመጥቶ ከተማውን ቤቱ ለዱዓ ጠራ።

«ሐጂ፣ ሰዉ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀዎ ነው» አለ። «የአላህ ቀደር ነው፤ እሱ የጻፈውን ሶብር አድርገን እንቻለው።»

ሐጂ ከፊታቸው አንድ የጫት ዘለላ አነሱ።

«ይህ ከየት ተቀጠፈ?»

«ከማሳዬ ነዋ! ለዱዓው ብዬ…»

«ከቦዩ ነው! ሰው የበላ ጫት አምጥተህ ዱዓ አድርጉ ትለኛለህ? ቀደር ትላለህ ደግሞ! ቦዩን የደፈነው ማን ነው? አንተ አይደለህም?»

የእብሬ ፊት ተለዋወጠ። «ሐጂ፣ ልጅዎ እኔ ቤት እንዳለች አይርሱ።»

«አልረሳሁም! እሷን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዝምታዬም ከአንተ ወንጀል አያንስም፤ አስተግፊሩላህ!» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ። ጭቃ የነካው የማን ነው?»

ሁሉም የዘረጋውን እጅ አየ፤ የታጠበ፣ ጥርት ያለ ነበር። በሩ ሥር የተቀመጠችው አንሻ ብቻ ባሏን ከደለል ቆፍራ ያወጣችበትን እጅ ከነጭቃው ቀና አደረገች።

ሐጂ አሚን ሳያስብሉ ተነሡ፤ ዶማ ይዘው ወደ ቦዩ ዳገቱን ተያያዙት። ከማጀት ሆና ሁሉን የሰማችው ልጃቸው ዘይቱና ግን ቀድማቸው ኖሮ፣ ቀሚሷን ታጥቃ የባሏን ጫት ከሥሩ እየነቀለች ደረሱባት። ሕዝቡም ተከትሎ ወጥቶ አፈሩን ከቦዩ ዛቀ። እብሬ ከሰንጋው ሥጋ ጋር ብቻውን ቀረ።

ዝናቡ ከዐሱር ሰላት በኋላ ወረደ። ጎርፉ እያጓራ መጣ፣ ቦዩን ያዘ፣ ወደ ገደሉ ታጠፈ። ያን ጊዜ ሐጂ በጭቃ የተለወሰ እጃቸውን አንስተው፦

«አሁን ዘርጉ» አሉ።

ወገኖቼ፣ አላህ ዱዓ ሰሚ ነው፤ ማን ይክዳል? የሚያናድደው የእኛ ነገር ነው። በገዛ እጃችን ቦይ ደፍነን ቀደር ነው እንላለን፤ ሰው ያስበላንበትን ነገር በሰንጋ ልንሸፍን እንከጅላለን፣ ወላሂ አናፍርም! ሐጂ ዱዓውን አልነፈጉም፤ ሥራው ይቅደም ነው ያሉት። ግን ለአንሻ ባል ዘግይተዋል፤ ይህን ከማንም በላይ ያወቁት እሳቸው ናቸው። እስኪሞቱ ድረስ ከጁሙዓ ሰላት ሲወጡ ዳገቱን ወጥተው ቦዩን ያዩ ነበር። አንሻን መንገድ ላይ ሲያገኟት ግን ቀና ብለው አያዩዋትም ነበር።