የጠራው ውኃና የአሻጋሪው ዘንግ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ የቤተ ሙከራው የውኃ ገንዳ ወለል ቁልጭ ብሎ እየታየኝ በማስመሪያ መለካቱ ምን ይጨምርልኛል ብለሻል። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ዘንድ ነውና ታገሺኝ።

ሰውዬው ወንዝ አሻጋሪ ነበር። ክረምት ላይ ወንዙ ጭቃ መስሎ ሲወርድ፣ ዘንጉን ይዞ ከመንገደኛው ፊት ይገባል። እግሩን ከማንሳቱ በፊት ዘንጉን ይተክላል፤ ውኃው ዘንጉ ላይ በወገቡ ልክ ከፋቀው ምልክት ካለፈ ሁሉንም ይመልሳል። ገበያ የረፈደበት ቢለምነው፣ ለቅሶ የሚደርስ ቢቆጣው፣ መልሱ ያው «ቆዩ» ነው። በዚህ የተነሳ ስሙ ቀርቶ «አቶ ቆዩ» ይሉት ጀመር። እሱም አይቀየምም፤ በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ውኃ አልወሰደበትምና ኩራት ይገባዋል።

ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናትና አባቷ ቤት መጥታ፣ እዚያው ታርሳ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ ባሏ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። ባሏና ዘመዶቹ ሊቀበሏት ማዶ ቆመዋል። ወንዙ ጠርቷል፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይለያል። ሰውዬው ከዳር ሆኖ አየውና ከወገብ አያልፍም ብሎ በዓይኑ ፈረደ። ዘንጉ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ ሾላው ላይ ተደግፏል። ከማዶ የልጁ ባል ዛሬም ቆዩ ሊሉን ነው ወይ ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ልጁ በበቅሎ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ነበር። «አባዬ፣ ዘንግህን ረሳኸው» አለችው።

«ምን ያደርግልናል ልጄ፤ ወለሉ እየታየ» አላትና ልጓሙን ይዞ ገባ።

የዚያ ዓመት ደራሽ ውኃ አሸዋውን ጠርጎ መሀሉን አጎድጉዶት ኖሯል። እግሩን መሬት አለ ብሎ ያሳረፈበት ቦታ መሬት አልነበረም። ሲወድቅ ልጓሙን ስላልለቀቀ በቅሎዋ በአፍጢሟ ተደፋች። የልጁ ባል ዘሎ ገብቶ ሕፃኑን ከውኃው ነጠቀው። እናቱን ግን ከቀትር በኋላ፣ ከታች፣ ከቋጥኝ ሥር አገኟት።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሰውዬው ዘንጉን ይዞ ብቻውን ወረደ። ዳር ቆሞ ያንኑ ቦታ አየው። ዓይኑ ዛሬም ወገብ ነው ይለዋል። ገብቶ ዘንጉን ቢተክል ውኃው ምልክቱን አልፎ አንገት ደረሰ። ሦስት ጊዜ ተከለው፤ ሦስቴም አንገት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም «አቶ ቆዩ» ብሎ የጠራው የለም። ቅጽል ስሙን ብቻ ቢያጣ ደግ ነበር፤ ያጣው ግን ልጁን ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ብርሃን ከውኃ ሲወጣ ይታጠፋል፤ ዓይናችን ቀጥ ብሎ የመጣ ስለሚመስለው ወለሉን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፌልሻለሁ፤ አንቺም ቀመሩን በቃልሽ ይዘሻል። ሰውዬው ቀመር አያውቅም። ድፍርሱን ውኃ ስለማያምነው ግን ሠላሳ ዓመት አላሳሳተውም፤ የከዳው የጠራው ነው። ያንቺ ገንዳ ያ ወንዝ ነው፣ ማስመሪያሽም ያ ዘንግ። ገንዳው ከክንድ አይጠልቅምና ዛሬ ብትሳሳቺ የምታጪው ነጥብ ነው። ነገ ተመርቀሽ የድልድይ ምሰሶ ስታስተክዪ በላዩ የሚያልፈው የሰው ልጅ ነው።

ሂጂና ለክተሽ ጻፊ። ሰውዬውም ለክቷል፤ በማግስቱ።