ወይፈኑና ግንዱ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

ትርሲት የጠየቀቻቸው ስለ ገበሬ አልነበረም። አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ልጆቹን ወለል ላይ አስቀምጣ በቆርኪ ጨዋታ ስታስተምር ያዩ ወላጆች «የላክናቸው ሊማሩ ነው ሊቦርቁ?» ብለው፣ ከክፍሉ ሊያስነሷት ለነገ ስብሰባ ጠርተዋል። «ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?» ነበር ጥያቄዋ። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ግን ገበሬያቸውን ቀጠሉ።

ይህ ገበሬ አንድ ያረጀ በሬና አንድ ወይፈን ነበረው። ዝናቡ ጥሏል፤ ጎረቤቶቹ መሬታቸውን ደግመው አርሰዋል። የአገሩ ደንብ ወይፈን መጀመሪያ ቀላል ነገር እየጎተተ ቀንበር እንዲለምድ ነው። ገበሬው ግን «በዚህ ወቅት ማን ይጫወታል!» አለና ወይፈኑን ከአሮጌው በሬ ጋር ጠምዶ በቀጥታ ማሳ አስገባው። ወይፈኑ ማረሻው መሬት ሲነክስበት ትልሙ መሀል ተኛ። ገረፈው፤ አልተነሳም። ጅራቱን ጠመዘዘው፤ አልተነሳም። በማግስቱማ ቀንበሩን ገና ሲያይ ተኛ።

መተኛት የለመደ በሬ ከሥጋ በቀር ለምንም አይሆንም። ወይፈኑ ከታረደ ደግሞ ማሳው ጦም ያድራል፤ ማሳው ጦም ካደረ ቤቱም ያው ነው። ገበሬው እያዘነ ሥጋ ነጋዴ ሊጠራ ሄደ።

ነጋዴውን ይዞ ሲመለስ ደጁ በሳቅ ታምሷል። ሚስቱ ለማገዶ ግንድ ልታስመጣ ወይፈኑንና አሮጌውን በሬ ጠምዳቸዋለች። ልጆቹ ግንዱ ላይ ተፈናጠው «ሂድ እንጂ፣ ሙሽራው!» እያሉ ይዘፍናሉ። ወይፈኑም ይጎትታል።

«አንቺ! አልተኛም?»

«ለአንተ ነው የሚተኛው» አለችው። «እኔ አልቸኮልኩበትም።»

ነጋዴው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ እንኳ የቢላዋ አይደለም» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ገበሬው ጅራፉን አጥር ላይ ሰቀለ፤ ከግንዱ ጎን እየሄደም አብሮ ይዘፍን ጀመር። ድምፁ አያምርም፤ ወይፈኑ ግን ታገሠው። እያደር ከበድ ያለ ግንድ አሰረለት። በመጨረሻም በግንዱ ፋንታ ሞፈሩን አሰረ፤ ወይፈኑ ዘወር ብሎም ሳያይ ትልሙን ይዞ ሄደ። ማሳው ዘግይቶ ተዘራ እንጂ ጦም አላደረም። ገበሬው ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እፎይ አለ።

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ወይፈኑ ልጁ ነው፤ ግንዱ ጨዋታው። ችኩሉን ገበሬ ነገ ስብሰባው ላይ ታገኚዋለሽ። ግን ልብ በዪ፦ ወይፈኑ ግንዱን ሲጎትት ቀንበሩ አንገቱ ላይ ነበር። ልጆቹ በቆርኪ ሲጫወቱ መቁጠሩና መደመሩ ከሌለበት፣ ወላጆቹ እውነታቸውን ነው፤ ቡረቃ ነው። ካለበት ግን ምን ያስፈራሻል?»

«አለበት፣ ጋሼ! አለበት እንጂ!» ፊቷ ፈታ አለ።

«እንግዲያው ብዙ አትናገሪ። ወላጆቹን ወለሉ ላይ አስቀምጪና ከልጆቻቸው ጋር አጫውቻቸው። በልጁ የተሸነፈ አባት ‹ልጄ ምንም አልተማረም› ለማለት ይቸግረዋል።»