እሳት የተባለው ጫኝ

«አንድ ጨው ነጋዴ ነበረ።»

ባለቤቴ ልሳነወርቅ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን የሚጀምረው እንዲህ ነበር። መግቢያ የለ፣ ማሟሟቂያ የለ። አንዳንዴ ነጋዴው ገበሬ ይሆናል፣ አንዳንዴ ዳኛ። የዚህን ጨው ነጋዴ ታሪክ ግን ያወራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእህቱ ልጅ ለትርሲት። እኔ አጠገባቸው በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። እሱ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ቃሉ ከጆሮዬ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄዋን ልናገር። ትርሲት በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የስድስት ሰዎች አለቃ ናት። በዚያ ሳምንት ድርጅቱ ሠራተኞቹን ሆቴል አዳራሽ ሰብስቦ ሁለት ቀን አሠልጥኗቸው ነበር። ሰባ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሞሉ። አሠልጣኙ መልሳቸውን ደምሮ እያንዳንዱን ሰው በቀለም መደበው። ቀይ የተባለው ቆራጥና ችኩል ነው። ቢጫ ጨዋታ ወዳድ፣ አረንጓዴ ታጋሽ፣ ሰማያዊ ደግሞ ዝምተኛና ለጥቃቅን ነገር የሚጨነቅ። ሁሉም ደረታቸው ላይ ባለቀለም ክብ ለጥፈው ወጡ።

«ባንዲራችንን ነዋ የተከፋፈላችሁት!» አለ ልሳነወርቅ።

ትርሲት ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ጋሼ አይቀልዱብኝ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ» አለችው።

ጭንቋ ይህ ነበር። ከስድስቱ አንዷ እማዋይሽ የምትባል ሴት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ የመድኃኒት ዝርዝር ስትይዝ ኖራለች። አሁን በየወረዳው እየዞረ ጤና ጣቢያዎችን የሚያነጋግር ሰው ሲፈለግ «እኔ ልሂድ» ብላ አመለከተች። ወረቀቱ ግን ሰማያዊ አድርጓታል። ሥራ አስኪያጁም «ሰማያዊ ሰው ደንበኛ ፊት አይቆምም፤ ቢጫ ፈልገሽ ላኪ» ብሏል። ቢሆንም ማን እንደሚሄድ ጽፋ የምትፈርመው ትርሲት ናት። የምትፈርመውም በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ነው።

«አሁን እምቢ ካልኳት ሁለተኛ አፏን አትከፍትም፤ አውቃታለሁ» አለች። «ልኬያት ቢያቅታት ደግሞ በሰው ፊት ታፍራለች። ወረቀቱን ልመን ወይስ ሴትዮዋን?»

«አንቺንስ ወረቀቱ ምን አለሽ?» አልኳት እኔ።

«ቀይ። ይኸውልሽ እትዬ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የማቋርጠው ለካ ቀይ ስለሆንኩ—»

«ከሥልጠናው በፊትም ታቋርጪ ነበር።»

«አሁን ግን ምክንያቱን አወቅሁት!»

ልሳነወርቅ መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጨው ነጋዴ ነበረ ያለው።

ነጋዴው ሃያ በቅሎ ነበረው። በየዓመቱ አሞሌ ጨው ጭኖ የአንድ ወር መንገድ ይነዳል። መንገዱ ሊያልቅ ሲል ድልድይ የሌለው ትልቅ ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ አንዴ ከሞላ እስከ መስከረም ሰው አያሳልፍም። ጨው ደግሞ እርጥበት አይችልም። ክረምቱን ወንዝ ዳር የከረመ ጨው ሟሙቶ ያልቃል። ስለዚህ ነጋዴው በየዓመቱ ከሰኔ ጋር ይሽቀዳደም ነበር።

በየዓመቱ ስምንት አዳዲስ ሰዎች ይቀጥራል። ጭነት ማንሳት ይችሉ እንደሆነ እንጂ ሌላ ነገር ጠይቋቸው አያውቅም። ሰዎቹ ሁልጊዜ ይጣላሉ። አንዱ ሲቸኩል ሌላው ይጎተታል፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ያኮርፋል። በአንዱ ዓመት ከመነሳቱ በፊት ነጋዴው «እነዚህን ሰዎች የሚያስማማልኝ ባገኝ!» ሲል አንድ ደብተራ ሰማው። «እኔ አለሁ» አለው።

ደብተራው ኮከብ ቆጣሪ ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ስምና የእናቱን ስም ጠየቀ። የፊደሎቹን ቁጥር ደመረ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያነሳ ገደፈ፣ የቀረውን አየ። ከዚያ አንዱን «ኮከብህ እሳት ነው» አለው። ሌላውን ነፋስ፣ ሌላውን መሬት፣ ሌላውን ውሃ፤ እንዲህ እያለ ስምንቱንም ጨረሰ።

«እሳቱ ፊት ፊት ይሂድ፤ ሽፍታ ይፈራዋል» አለ ደብተራው። «ነፋሱ መልእክት ያድርስ። መሬቱ ጭነት ይጠብቅ። ወንዙን ደግሞ ውሃው ያሻግርህ።»

ነጋዴው ይህን ሁሉ ብራና ላይ አስጻፈና ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። «ሰዎቼን ገና ዛሬ አወቅኋቸው» ብሎ ደስ አለው። ሰዎቹም ደስ አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ተጨንቆ የነገራቸው አልነበረማ። በመጀመሪያው ሳምንት እንኳን ጠብ፣ ኩርፊያም አልነበረ።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተለወጠ። እሳት የተባለው አንድ ረጅም ጫኝ ነበር። ሲነሱ ድምፁ የማይሰማ፣ በቅሎዎቹን እንኳ ጆሯቸው ሥር አንሾካሹኮ የሚያናግር ሰው ነው። አሁን መጮህ ጀመረ።

«አንተ ሰው፣ ቀስ በል እንጂ! በቅሎዋን ገደልካት እኮ!» ሲሉት፣

«ምን ላድርግ፣ እሳት ነኝ» ይላል።

ነፋስ የተባለው ደግሞ ገመድ እሰር ሲሉት ሣሩ ላይ ይጋደማል። «ነፋስ ገመድ ሲያስር አይታችኋል? ሲታሰርም አላያችሁም» ይላል። መሬት የተባለው ጠዋት አልነሳ አለ።

«ተነስ እንጂ!»

«መሬት ከቦታው ተነስቶ ያውቃል?»

«ይኼ ትኩስ ወጥ ሲደፋብህ ትነሳለህ» አለው ከስምንቱ አንዱ የሆነው ወጥ ሠሪው፣ ድስቱን እያሳየ።

ነጋዴው ይቆጣና ብራናውን ፈትቶ ያያል። እሳት የሚለውን ያነባል፣ መሬት የሚለውን ያነባል። «እውነታቸውን ነው፤ ተፈጥሯቸው ነው» ብሎ መልሶ ይጠቀልለዋል። ቁጣውም ይበርዳል።

ውሃ የተባለው አጭር፣ ወፈር ያለ የደጋ ሰው ነበር። ከምንጭና ከእንስራ በቀር ውሃ አይቶ አያውቅም። ጓደኞቹ ራት ላይ «ዘመድህ ወንዙ እንዴት ናፍቆህ ይሆን!» እያሉ ያበሽቁታል። አብሯቸው ይስቃል። ወንዙ እየቀረበ ሲመጣ ግን ከገበታው ቀድሞ መነሳት ጀመረ።

በግንቦት መጨረሻ ወንዙ ደረሱ። ከላይ በኩል በደጋው ላይ ደመናው ጠቁሯል። ውሃው ደፍርሷል፣ ዳርቻው ላይ ያለውን ሣርም መሸፈን ጀምሯል። በዚያ ቀን ካልተሻገሩ የዓመቱ ጨው ማለቁ ነው። ነጋዴው ብራናውን ፈታ።

«ውሃ የተባልከው፣ የፊት በቅሎዋን ይዘህ ቅደም።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ዋና አላውቅም።»

«አንተ ባታውቅ ኮከብህ ያውቃል።»

ሰውየው ጌታውን አየ፣ ብራናውን አየ። ከዚያ አማተበና የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ገባ። ውሃው ከጉልበቱ አለፈ፣ ከወገቡ አለፈ። ደረቱ ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት አጣ። በቅሎዋ ልጓሙን አስለቅቃ ወደ ዳር ተመለሰች፤ ሰውየውን ግን ውሃው ይዞት ሄደ።

ሁሉም ጮኹ። ዳር ዳሩን እየሮጡ በስሙ ጠሩት። ረጅሙ ጫኝ ብቻ አልጮኸም። ጋቢውን ጥሎ፣ ሰውየውን ትቶ ወደ ታች ሮጠ። ወንዙ የሚጠመዘዝበት ቦታ ካለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ደርሶ እዚያ ገባና ቆሞ ጠበቀ። ውሃው ሰውየውን እያንከባለለ አምጥቶ እጁ ላይ ጣለለት። በአንገትጌው ይዞ ጎተተው፣ ዳር አውጥቶ በሆዱ አስተኛው። ሰውየው የጠጣውን ውሃ ተፋ፣ ሳለ፣ እናቱን ጠራ።

ነጋዴው እየሮጠ መጣ። «አንተ እሳት አይደለህም እንዴ?» አለ።

«እኔ ያደግሁት እዚሁ ወንዝ ዳር ነው ጌታዬ። ውሃው የወሰደውን ሁሉ የሚያመጣው እዚያ ድንጋይ ጋ ነው። ከላይ ደግሞ ከሾላው ሥር ሌላ መሻገሪያ አለ። በዚህ ወቅት ከጭን አያልፍም።»

«ታዲያ ወር ሙሉ አብረን ስንጓዝ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ? የተጠየቅሁት ስሜንና የእናቴን ስም ነው።» ረጅሙ ጫኝ ጋቢውን አንስቶ ራሱን አደራረቀ። «እሱም ቢሆን የእናቴን ስም አላውቀውም፤ ስትወልደኝ ነው የሞተችው። ለደብተራው የሰጠሁት ያሳደገችኝን የአክስቴን ስም ነው።»

ወጥ ሠሪው ራሱን መግታት አልቻለም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የጮኸብን በአክስቱ ኮከብ ነው ማለት ነው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። በሆዱ የተኛው ሰው ሳይቀር እያሳለ ሳቀ።

ነጋዴው አልሳቀም። ብራናውን ከአንገቱ አወረደና ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነበር። መንገደኞች ከተዉት አሮጌ ምድጃ ቁራጭ ከሰል አነሳና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አንድ በአንድ ኑ» አለ። «የት አደግህ? ምን ሥራ ታውቃለህ? ምን ትፈራለህ?»

«ጌታዬ፣ ውሃው እኮ እየጨመረ ነው!»

«ይጨምር። ስምንት ሰው እስክጠይቅ አይሞላም።»

ሲጠይቅ ነፋስ የተባለው የገመድ ገማጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። የአባቱን ቋጠሮ ያውቃል፤ እሱ ያሠረው ጭነት ገደል ቢንከባለል አይፈታም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣር ላይ ተጋድሞ የከረመው ይህ ሰው ነው። የሌሎቹም እንዲሁ ለየብቻው ወጣ፤ አንዳንዱ የሚረባ፣ አንዳንዱ የማይረባ። ወጥ ሠሪው የሚፈራው ነገር ቢጠየቅ «ወጥህን አንቀምስም የሚሉ ሰዎችን» አለ። ነጋዴው እሱንም ጻፈ።

ከሾላው ሥር ተሻገሩ። ረጅሙ ጫኝ መንገዱን መራ፣ የገመድ ገማጁ ልጅ ጭነቱን ከፍ አድርጎ በቅሎዎቹ ጀርባ ላይ አሠረ። አንድ ጭነት ብቻ ረጠበ። ያ አጭሩ የደጋ ሰው ጭነት ሲያቀብል ቆይቶ መጨረሻ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅሙን ጫኝ ከኋላ በሁለት እጁ አቅፎ ተሻገረ። ዝናቡ የያዛቸው ማዶ ወጥተው ድንኳን ከተከሉ በኋላ ነው።

ረጅሙ ጫኝ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ይጮህ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተለማመደው ነገር በአንድ ቀን አይለቅማ። ጮሆ ሲያበቃ ግን እሳት ነኝ ማለቱን ተወ። «አጠፋሁ» ይል ነበር።

ልሳነወርቅ እዚህ ላይ ቆመና መነጽሩን አደረገ። ወደ ትርሲት ዞረ።

«ነጋዴው አንቺ ነሽ ልጄ» አላት።

«እንግዲያው ወረቀቱን ቀድጄ ልጣለው?»

«እሱ መች ጣለው? ገለበጠው እንጂ። ደብተራው አንድ ደግ ነገር ሠርቶለታል፤ ጨው ብቻ ያስብ የነበረውን ሰው ስለ ሰዎቹ እንዲያስብ አድርጎታል። የእናንተም አሠልጣኝ እንደዚያው ነው፤ አይከፋኝም። የነጋዴው ጥፋት ብራናውን ካገኘ በኋላ መጠየቅ መተዉ ነው። ወረቀትሽ እማዋይሽ ዝምተኛ ናት ይላል። ትሁን። ዝም ብላ ስትቀመጥ ምን እንደምታስብ ግን አይነግርሽም። እስቲ ንገሪኝ፣ የት ነው ያደገችው?»

«እንጃ» አለች ትርሲት።

«ጤና ጣቢያዎቹ ጋ ለምን መሄድ ፈለገች?»

«አልጠየቅኋትም» አለች ቀስ ብላ።

«ቀይ ስለሆንሽ ነው?» አልኳት እኔ።

ከልቧ ሳቀች። ወዲያው ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ግን ሳትደውል መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች። «ጋሼ፣ ጠይቄያት፣ አምኜያት፣ ብሳሳትስ?» አለችው።

«ልትሳሳቺ ትችያለሽ» አላት። «ጠይቀሽ ከተሳሳትሽ ግን ሁለታችሁም ዓይናችሁ እያየ ነው የገባችሁት፤ አንዳችሁ ሌላችሁን ትይዛላችሁ። ሳትጠይቂ ከተሳሳትሽ፣ አንቺ ብራናሽን ይዘሽ ዳር ቆመሻል። ውሃው የሚወስደው እሷን ነው።»