ስለ ፀሐይ የተጠራ ስብሰባ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ቢሆን።

ወጣት የቆዳ ሐኪም ሳለሁ ስለ ፀሐይ ጉዳት እንዳስተምር ወደ አንዲት የቆላ ከተማ ተላክሁ። ቀበሌው ሕፃናት ሳይቀሩ ሁሉም ሰው እንዲገኝ አዘዘ። ሕዝቡ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሜዳ ላይ ሲጠብቀኝ እኔ በስድስት ሰዓት ደረስኩ። ድንኳን ተተክሎልኛል፤ ድንኳኑ ስር ሆኜም አንድ ሰው ጃንጥላ ይይዝልኛል። ጥቁር መነጽሬን ሳላወልቅ፣ «ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አትቀመጡ» አልኩ። አነጋገሬ ለራሴ ደስ አለኝ።

ወዲያው ፊት ለፊቴ አንዲት እናት አልቢኒዝም ያለባትን ልጇን በነጠላዋ ጫፍ ስትከልል አየሁ። የልጅቷ ጉንጭ ቀልቷል። ጥሩ ማስተማሪያ አገኘሁ ብዬ እናቲቱን በሕዝብ ፊት አስነሳኋት።

«እንዲህ ያለ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ለካንሰር እንደሚጋለጥ አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር። በቀትር ከደጅ አውጥቻት አላውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ ማን አውጪያት አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ። ፀሐይ ላይ አታውጪያት ሊሉኝ ጠሩኝ።»

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ጃንጥላ ያዡም ሳቀ። በሪፖርቴ ላይ «ሕዝቡ ትምህርቱን በደስታ ተቀብሏል» ብዬ ጻፍኩ፤ ደስታቸው እንኳ እውነት ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ቤታቸው ሄጄ የልጅቷን ጉንጭ መረመርኩ። ጃንጥላዬን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባቴንና ባርኔጣዬን ትቼላት ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ጥላ በሌለበት ቆሜ አውቶቡስ ጠበቅሁ፤ እሱም እንደ እኔው በስድስት ሰዓት ደረሰ።