ጭቃው ሳይደርቅ የተጻፈ ድል

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ከአንዲት ምንጭ በሚጠጡበት አገር፣ አያ አንበሶ አርጅቶ ጥርሱ ረገፈ። አጥንት መቆርጠም ቀርቶ ማስፈራራት እንኳ ሲያቅተው፣ አራዊቱን ሰብስቦ «እኔ በቃኝ። ከእንግዲህ ንጉሥ የለም፤ ፕሬዚዳንት ምረጡ» አላቸው። ፕሬዚዳንት ምን እንደሆነ በደንብ የገባው አልነበረም። ቢሆንም ሁሉም አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ የማይችለው ጅራቱን ቆላ።

የፕሬዚዳንቱ ዋና ሥራ ምንጩን ማስተዳደር ነው። እስከዚያ ድረስ ደንቡ «ትልቅ ይቅደም» ነበር። ክረምት ላይ ይህ ማንንም አይጎዳም። በጋ ሲመጣ ግን ትልልቆቹ ጠጥተው፣ ተንቦራጭቀው፣ ጎናቸውን ታጥበው ሲወጡ ለትንንሾቹ የሚተርፈው ጭቃ ነው። ይህ ደንብ እንዲቀጥል የሚፈልጉት «ነባሮች» ተባሉ። እነሱ ክርክር ስለማይወዱ አያ ጅቦን በአንድ ድምፅ እጩ አደረጉ። «ትንሹም እንደ ትልቁ በተራው ይጠጣ» የሚሉት ደግሞ «ተራማጆች» ተባሉ። እነሱ ክርክር ስለሚወዱ ሁለት እጩ አቀረቡ፤ ቀበሮንና እመት አህያን። ከሁለቱ አንዱ ተከራክሮ ይለፍ ተባለ።

ከተራማጆቹ መካከል እንደ እመት ጃርት ለዚህ ነገር የተቃጠለ አልነበረም። ባለፈው በጋ ልጆቿ የተረፈውን ጭቃ ጠጥተው ሆዳቸውን ታመው ነበር። ትንሿ ልጇ ጤዛ ደግሞ ለሞት ደርሳ ነው የተረፈችው። ጃርት ዓይነ አፋር ናት፤ ጉባኤ ላይ ቆማ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ግን ትጽፍ ነበር።

በምንጩ አጠገብ አንድ የጭቃ ግድግዳ አለ። ንጋት ላይ ጤዛ ስለሚያርሰው ይለሰልሳል። ጃርት በየማለዳው ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ የአገሩን ፖለቲካ ትጽፍበታለች። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጽሑፉ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ እስከ ማግስቱ ጤዛ ድረስ መፋቅም መጨመርም የለም። ውሃ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ያነብበዋል። የተስማማ ከግድግዳው ሥር ባለው እርጥብ መሬት ላይ ኮቴውን አትሞ ያልፋል። ያልተስማማ በኋላ እግሩ አፈር በትኖ ይሄዳል። ጃርት ከሰዓት በኋላ ብቅ ብላ የታተመላትን ኮቴ ስታይ ሆዷ በደስታ ይሞላል፤ ምሳም አያምራትም። ሰሞኑን ብዙ ኮቴ የምታገኘው ቀበሮን ስታወድስ ነበር። እውነትም ቀበሮ ሲናገር ልብ ይሰርቃል።

የክርክሩ ዕለት ማለዳ ግን ጃርት ግድግዳው ፊት ቆማ ተጨነቀች። ክርክሩ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጭቃው ረፋዱ ላይ ይደርቃል። እስከ ነገ ብትቆይ ወሬው ይበርዳል፤ ጦጢት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች አገር ምድሩን ታዳርሰዋለች።

ይህን ስታወጣና ስታወርድ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ።

«እንደምን አደርሽ፣ የተራማጆች ብዕር።»

«እግዜር ይመስገን ጋሼ ቀበሮ። ጭንቅ ይዞኛል እንጂ ደኅና ነኝ። ክርክራችሁ እስኪያልቅ ይሄ ጭቃ ደርቆ ይጠብቀኛል።»

«ታዲያ አሁኑኑ አትጽፊውም?»

«ያላየሁትን?»

«ምኑ ነው የማይታየው?» አለ ቀበሮ ጢሙን እየላሰ። «እኔና አህያ ነን የምንከራከረው። አህያ እኮ ናት፣ እመት ጃርት።»

ጃርት ሳታስበው ሳቀች። ባለፈው ሳምንት እመት አህያ ጉባኤ ላይ ወጥታ «ወገኖቼ ሆይ» ብላ ጀምራ፣ ቀጥሎ የምትለው ጠፍቷት፣ ብዙ ቆይታ ብዙ ቆይታ አናፍታ ነበር የወረደችው። ነባሮቹ ሦስት ቀን ሙሉ ስቀውባታል። ጃርትም በኀፍረት እሾኋን ደፍታ ነው የዋለችው።

ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጤዛን አስቢያት። አህያ ካለፈች ጅብ ይመረጣል። ጅብ ከተመረጠ ያው ጭቃ ነው።»

የልጇ ስም ሲነሣ የጃርት ልብ ተንሸራተተ። እሾህ ነቀለችና ጻፈች፤ «ዛሬ በተደረገው ታላቅ ክርክር ቀበሮ በጥበብ ተናግሮ አህያን ረታት። አህያ መልስ አጥታ አንገቷን ደፋች። ተሰብሳቢው በጭብጨባ አገሩን አናጋው። ቀበሮ አሸነፈ።»

ቀበሮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አነበበው። «ጭብጨባው ላይ ‹የጋለ› የሚል ብትጨምሪበት።»

ጨመረችበት። ፀሐይም ወጥታ አደረቀችው።

እኩለ ቀን ላይ ተራማጆቹ ግድግዳው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ጽሑፉን እስከዚያ ከጦጢት በቀር ማንም ልብ አላለውም፤ ሁሉም የተጣደፈው ከፊት ለመቀመጥ ነው። አያ አንበሶ አወያይ ሆኖ መሐል ተቀመጠ። «አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ። የሚያቋርጥ ካለ እነክሰዋለሁ» አለ፤ ከዚያ ድዱን በምላሱ ዳሰሰና «እቆጣዋለሁ» ብሎ አረመው።

መጀመሪያ ስለ ፍትሕ ተወራ። ቀበሮ ስለ ፍትሕ የተናገረው ነገር እንደ ማር ነው፤ ይጣፍጣል፣ ሲውጡት ግን ምን እንደነበር አይታወስም። በመጨረሻ አያ አንበሶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«በጋ ገብቶ ምንጩ ሲያንስ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠጣው ማነው?»

«እጅግ ጥልቅ ጥያቄ ነው» አለ ቀበሮ። «ስለ መጨረሻው ከማውራታችን በፊት ግን ስለ መጀመሪያው እናውራ። ውሃው ንጹሕ መሆኑን ቀምሶ የሚያረጋግጥ አንድ ታማኝ መሪ ያስፈልጋል። ያንን ከባድ ኃላፊነት ለመሸከም እኔ ዝግጁ ነኝ።»

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ጃርትም ማጨብጨብ ጀመረች። ግማሽ ላይ እጇ ቆመ። «ቆይ፣ ይሄ እኮ ቀድሜ እጠጣለሁ ማለት ነው» አለች በልቧ።

ተራው የእመት አህያ ሆነ። ዝም አለች። ከኋላ የሚስቅ ተሰማ። ጃርት ልታናፋ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«መጨረሻ የምጠጣው እኔ ነኝ» አለች እመት አህያ ቀስ ብላ። «ሰው ቤት ሳለሁ ውሃ ተሸካሚ ነበርኩ። በቀን አራት ጊዜ ወንዝ እወርዳለሁ። ውሃው ጀርባዬ ላይ እየተንቦጫቦጨ እኔ ይጠማኛል። ስለዚህ መጠበቅ አይቸግረኝም። ደግሞም አለቃው መጨረሻ የሚጠጣ ከሆነ፣ ውሃው መጨረሻው ድረስ እንዲደርስ መላ ይፈልጋል። ሌላ የምለው የለኝም።»

ማንም አላጨበጨበም። ማጨብጨብ ትዝ ያለው አልነበረም። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ትንሿ ጤዛ እናቷን ዞር ብላ አየቻት። ጃርት ዓይኗን ወደ ደረቀው ግድግዳ ወረወረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በዚህ መካከል አያ ጅቦ እያነከሰና እያዛጋ መጣ። እሱ ቀን ቀን ይተኛል፤ ማንበብም አይችልም። የዕለቱን ጽሑፍ ጦጢት ነች በየማለዳው በዋሻው በር ላይ ሆና የምታነብለት። ዛሬም አንብባለታለች። ሰምቶ፣ ተገላብጦ፣ ደስ ብሎት ተነሥቶ ነው የመጣው።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ቀበሮዬ» አለ ሰውነቱን እያፍታታ።

«በምን ምክንያት?» አለ አያ አንበሶ። «ገና እየተከራከሩ ነው።»

«ምን ገና አለ? ተጽፏል እኮ። አህያ አንገቷን ደፋች፣ ጭብጨባውም የጋለ ነበር። በል እንግዲህ ቀበሮዬ፣ እንደተባባልነው እንካፈል። ምንጩ ጧት ጧት የእኔ፣ ማታ ማታ የአንተ።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ... ያልተጣራ ወሬ ነው።»

አያ ጅቦ ከልቡ አዘነ። «እንዴ ቀበሮዬ። ‹እጩነቱን ብቻ ላግኝ፤ አራዊት ፊት እንሰዳደባለን፣ ከጓሮ እንካፈላለን› ብለህ በጅራትህ ምለህልኝ የለም? እኔ እኮ የምሰድብህን ስድብ ሁሉ አጥንቻለሁ።» ይህን ብሎ የተሸመደዱትን ስድቦች አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ።

መጀመሪያ የሳቀው አያ አንበሶ ነው። ቀጥሎ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ሳቁ ሲበርድ ቀበሮ በቦታው አልነበረም፤ ጅራቱ ብቻ ቁጥቋጦው ውስጥ ስትገባ ታየች።

ከዚያ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረ። ጦጢት ጮክ ብላ አነበበችው።

«እመት ጃርት» አለ አያ አንበሶ፣ «ይህን ያየሽው የት ሆነሽ ነው?»

ጃርት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤ ፊት ቆመች።

«አላየሁትም። ጭቃው እንዳይደርቅብኝ ቸኩዬ ነው። ቀበሮ እንዲያሸንፍ ከመፈለጌ ብዛት ያሸነፈ መሰለኝ። እመት አህያ፣ በድዬሻለሁ።»

«ሁሉም እንኳ ውሸት አይደለም» አለች እመት አህያ። «አንገቴን እደፋለሁ። ሣር ስግጥ ሁልጊዜ ነው የምደፋው።»

አራዊቱ እንደገና ሳቁ፤ አሁን ግን ሳቁ የሚያሞቅ ነበር። እጩነቱም የእመት አህያ ሆነ።

በማግስቱ ማለዳ ጤዛው ግድግዳውን አለስልሶት ነበር። ጃርት መዳፏን አነሣች። አንድ ጊዜ ብታብሰው ያ አሳፋሪ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ማን ይጠይቃታል? መዳፏን መልሳ አወረደች። እሾህ ነቅላ ከሥሩ ጻፈች፤ «ከላይ ያለውን የጻፍኩት ክርክሩን ሳላይ ነው። የሆነው ሌላ ነው። ቀበሮ ቀድሜ እጠጣለሁ አለ። አህያ መጨረሻ እጠጣለሁ አለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያን ቀን ብዙ ኮቴ አላገኘችም። የተቀየማት ብዙ ነው። ከነባሮቹ አንዱ የሆነው ከርከሮ ግን እንደ ልማዱ አፈር ሊበትን እግሩን አንሥቶ፣ እስከ ታች አንብቦ፣ እግሩን ቀስ አድርጎ እርጥቡ መሬት ላይ አሳረፈው። ጃርት ያችን አንዲት ኮቴ ደጋግማ እየሄደች አየቻት።

የምርጫው ቀን ደረሰ። አህያን የመረጠ አንድ ጭብጥ ሣር፣ ጅብን የመረጠ አንድ አጥንት ያስቀምጣል። አያ ጅቦ «የእኔን ድምፅ ሌላ አይጠብቅልኝም» ብሎ አጥንቱ ላይ ራሱ ተቀመጠ። ቆጠራ ሲደርስ አንድም አጥንት አልተገኘም።

«ደጋፊዎቼ ምርጥ ምርጡን ነው የሰጡኝ» አለ አፉን እየጠረገ። መራጮቹን አሰልፈው ደግመው ቢቆጥሩም ሣሩ በለጠ። እመት አህያ ፕሬዚዳንት ሆነች። ደስታው ሌላ ነበር፤ ጥንቸሎቹ ዘለሉ፣ ወፎቹ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ዘፈኑ፣ አያ አንበሶም በእርጅናው እስክስታ ሞከረ።

አዲሷ ፕሬዚዳንት ሁለት ደንብ አወጣች። አንደኛው፣ ሁሉም በተራው ይጠጣል። ሁለተኛው፣ የጠጣ ሁሉ ሲመለስ አንድ ጉንጭ ውሃ ግድግዳው ላይ ይተፋል። «ጭቃው እስኪመሽ እርጥብ ይሁን» አለች። «የምትጽፍልን አይታ ትጻፍ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጤዛ ተራዋ ደርሶ ወደ ምንጩ ስታጎነብስ ውሃው ውስጥ የራሷን ፊት አየች። እንዲህ የጠራ ውሃ አይታ ስለማታውቅ ሌላ ልጅ መስሏት ሰላም አለቻት። ጃርት ይህን አይታ አለቀሰችም ሳቀችም። ከዚያ ወደ እርጥቡ ግድግዳ ሄዳ የቀኑን ጻፈች።

«እመት አህያ አሸንፋለች። ልጄም የጠራ ውሃ ጠጥታለች። በቆጠራው መካከል ግን ፕሬዚዳንታችን ከራሷ ድምፅ አንድ ጭብጥ ሣር ስትበላ አይቻለሁ። ድሉን አይለውጠውም። ግን አይቻለሁ።»

ነፋስ ወደነፈሰበት የምትዘለው ጦጢት ደነገጠች። «ኧረ እመት ጃርት፣ የእኛ እኮ ናት።»

«የእኛ ስለሆነች ነው የጻፍኩት» አለች ጃርት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት አህያ እንደ ቃሏ ከሁሉ በኋላ መጥታ ጠጣች። ወደ ግድግዳው ዞራ አነበበች። እንደ ልማዷ ብዙ ቆየች። አህያ የፊት እግሯን አንሥታ ከጽሑፉ ሥር ኮቴዋን አጥብቃ አተመች።

«እውነት ነው፤ ርቦኝ ነበር» አለች። ከዚያ የያዘችውን ጉንጭ ሙሉ ውሃ ግድግዳው ላይ ረጭታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ወገናችንን ከልብ የምንወድ ከሆነ የተመኘንለትን ሳይሆን ያየንበትን መናገር እንዳለብን፣ ጥሩ መሪም ያንን ሰምቶ የሚቀበል መሆኑን ነው።